ለዘፋኝ ማልቀስ ነውር ነውን? ከአዘዞ ለደረሰን ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዘዞ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባልና ሁለት ልጆች አሉኝ። አባቴ በስኳር ሕመም ብዙ ተሠቃይቶ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. አረፈ። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ድንኳኑንም፣ ምግቡንም፣ ከእድሩ ጋር ያለውንም ጉዳይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እንባ አልወጣኝም። አርባው ሳይወጣ፣ በመስቀል ዕለት፣ የማዲንጎ አፈወርቅን መሞት ፌስቡክ ላይ አየሁ። ያን ቀን የሆንኩትን እኔም አላውቀውም። ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ፤ ሥራም አልገባሁ። ባለቤቴ ‹ለአባትሽ ያላለቀስሽ ለዘፋኝ ታለቅሻለሽ? ስንት ሰው በሚሞትበት አገር!› አለኝ፤ የአባቴ እኅትም ሰው ፊት ተናገረችኝ። እስካሁን ዘፈኖቹን መስማት አልችልም። ባጃጅ ውስጥ ከተከፈተ እወርዳለሁ፤ አምናም ከአክስቴ ልጅ ሠርግ ጥዬ ወጥቻለሁ። የአባቴ ስልክ ጥሪ የእሱ ዘፈን ነበር፤ ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ካስገባሁት ወዲህ አልከፈትኩትም። ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ ከመስከረም ወር በቀር እንቅልፌም ደህና ነው። ይህ በሽታ ነው? ኃጢአትስ ይሆንብኛል? የ13 ዓመት ልጄም ታዋቂ ሰው በሞተ ቁጥር ቲክቶክ ላይ ተጥዳ ስታለቅስ ታመሻለች፤ ልከልክላት?»

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ የአባትዎን ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን የምለው ለወጉ ብቻ አይደለም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ለቀስተኛውን ሁሉ ተቀብለው ሲያስተናግዱ እንጂ፣ እርስዎን ራስዎን አስቀምጦ ያጽናናዎት ሰው እንደነበረ የሚናገር አንድም መስመር አላገኘሁበትም።

ዋናውን መልስ ላስቀድም። ለማዲንጎ ያለቀሱት ለቅሶ እውነተኛ ኀዘን ነው፤ ነውርም አይደለም፣ የአእምሮ ሕመምም አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ያ የለቅሶ ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በኋላ የመጣው ሽሽት ነው፤ ከባጃጁ መውረድዎ፣ ከሠርጉ መውጣትዎ፣ ስልኩን ቆልፈው ማስቀመጥዎ። ለቅሶው ማልቀሻ ቤት ስላጣ በሽሽት ተተክቶ ሦስተኛው ሙት ዓመት ላይ ደርሷል። መፍትሔውም ኀዘኑን አምኖ ቦታና ጊዜ መስጠት፣ የሸሹትንም ነገር በጥቂት በጥቂቱ መልሶ መቅረብ ነው።

«አግኝተሽው የማታውቂውን ሰው እንዴት ታለቅሽዋለሽ» የሚለው ነቀፋ የሚመነጨው፣ ሰው የሚያዝነው አብሮት ለበላና ለጠጣ ብቻ ነው ከሚል ግምት ነው። ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አጥኚዎች በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሬዲዮ አድማጩና የቴሌቪዥን ተመልካቹ ዘወትር ከሚሰማውና ከሚያየው ሰው ጋር የቅርብ ወዳጅነት የሚመስል ስሜት እንደሚያድርበት አስረድተዋል። ወዳጅነቱ የአንድ ወገን ነው፤ ዘፋኙ የአድማጩን ስም አያውቅም። ይሁን እንጂ ሌላው ወገን አለማወቁ የእርስዎን ስሜት ሐሰት አያደርገውም። በየቀኑ የሚሰሙት ድምፅ ባለቤት ከእንግዲህ አዲስ ነገር እንደማይናገር ሲሰሙ የሚደነግጠው ልብ፣ ጎረቤት ሲሞት የሚደነግጠው ያው ልብ ነው።

ሙዚቀኛ ደግሞ ከተዋናይም ከስፖርተኛም የሚለይበት ጠባይ አለው። ፊልም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ታይቶ ያበቃል፤ ዘፈን ግን ሰው ልብስ ሲሰፋ፣ ቡና ሲያፈላ፣ መንገድ ሲሄድ፣ ሲያገባና ሲጣላ፣ ሲታረቅም አብሮት እየተሰማ ዓመታት ያልፋሉ። ስለ ትዝታ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ የዕድሜ ክልል የሰማናቸው ዘፈኖች ከሌላው ዘመን ዘፈን ይልቅ ከግል ሕይወታችን ጋር አጥብቀው ይቆራኛሉ። አንድ ሐረግ ሲሰማ የሚመጣው ዜማው ብቻ አይደለም፤ የነበርንበት ቤት፣ አጠገባችን የነበረው ሰው፣ ያን ጊዜ ተስፋ ያደረግነው ነገር ሁሉ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ዘፋኙ ሲሞት ሰው የሚያለቅሰው ለዘፋኙ ብቻ ሳይሆን በዚያ ድምፅ ውስጥ ለኖረው ዕድሜውም ጭምር ነው። ማዲንጎ በዚህ ላይ የጎንደር ልጅ ነበረ። በእርስዎ ከተማና በእርስዎ ሰፈር ያ ስም ከሌላው ቦታ የበለጠ ይከብዳል፤ ሞቱ በተሰማ ሰሞንም ከፒያሳ እስከ አዘዞ ከየሙዚቃ ቤቱ፣ ከየሻይ ቤቱና ከየባጃጁ ዘፈኑ ይሰማ ስለነበር፣ ኀዘንተኛው ጆሮውን የሚያሳርፍበት ስፍራ አልነበረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በባህላችን ሞት የሚነገርበት ሥርዓት አለ። መርዶ የሚረዳው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ይጠበቃል፤ ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው፣ ደረቱን ቢመታ የሚከለክለው፣ ውኃ የሚያቀርብለት ይዘጋጃል። ከዚያም ድንኳን ይተከላል፣ ሰልስት ይደረሳል፣ አርባ ይወጣል፣ ሰማንያ ይታሰባል፣ ሙት ዓመት ይዘከራል። ይህ ሁሉ ለሟች ነፍስ ከሚደረገው ጸሎት ባሻገር ለኗሪው መደገፊያ ነው፤ መቼ እንደሚያለቅስ፣ መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ ጥቁሩን እንደሚያወልቅ ያውቃል። የዘፋኝን ሞት ግን እርስዎ የሰሙት በበዓል ቀን፣ ምናልባት በአንድ እጅዎ ወጥ እያማሰሉ፣ በስልክ መስታወት ላይ፣ ከአንድ የልብስ ማስታወቂያና ከአንድ የቀልድ ቪዲዮ መካከል ነው። መርዶ ነጋሪ አልነበረዎትም፤ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ የመጣም የለም፤ ቢመጣ ኖሮ እንዲያውም መሳቂያ ይሆን ነበር። ኬኔት ዶካ የተባሉ ምሁር በ1989 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን፣ ማኅበረሰቡ ዕውቅና የማይሰጠውንና ለቅሶ የማይደረስበትን ኀዘን ራሱን አስችለው ያጠኑት በዚህ ምክንያት ነው። የእሳቸው ዋና ትምህርት፣ እንዲህ ያለው ኀዘን ክብደቱ ከሌላው ባያንስም ሰው ፊት ስለማይወጣና ስለሚታፈር በውስጥ ተቀብሮ መቆየቱ ነው።

የአባትዎ እኅት የተናገሩዎት ነገር በእርግጥ ያማል። ነገር ግን እሳቸውም ቢሆኑ ለዚህ ዓይነቱ ለቅሶ እንግዳ አይደሉም ብዬ አስባለሁ። በገጠሩ ጎንደር ሙሾ አውራጇ ሟቹን እያነሣሣች ስትገጥም በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች የሚያነቡት ለዚያ ሟች ብቻ አይደለም፤ አንዷ ያለፈው ዓመት የቀበረችውን ልጅ፣ ሌላዋ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ ወንድሟን እያሰበች ነው የምታለቅሰው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ «የሰው ለቅሶ ላይ የራስሽን አለቀስሽ» ብሎ የሚገሥጻት የለም። በሰው አገር ወይም በዘመቻ ሞቶ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰውም ወገኖቹ ፎቶግራፉንና ልብሱን ይዘው እርም ያወጣሉ። እንግዲህ አስከሬኑን ላላዩት፣ መቃብሩን ላልቆሙበት ሰው ማልቀስ፣ በአንድ ሰው ለቅሶ ውስጥም የሌላውን ማልቀስ በእኛ ዘንድ ጥንትም የነበረ ነው። የዘፋኝ ሞት ሲሆን ብቻ እንደ እብደት የሚታይበት ምክንያት አይታየኝም።

ባለቤትዎ የጠየቁት ጥያቄ፣ ማለትም ለአባትዎ ያልመጣው እንባ ለዘፋኙ እንዴት መጣ የሚለው፣ ከነቀፋነቱ ሲለይ መልካም ጥያቄ ነው። ማርጋሬት ስትሮቤ እና ሄንክ ሹት የተባሉ የኀዘን አጥኚዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ማብራሪያ መሠረት፣ ኀዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ በአንድ ወገን ያጣውን ሰው ያስባል፣ ይናፍቃል፣ ያለቅሳል፤ በሌላ ወገን ኑሮውን ያስተካክላል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ሟቹ ይሸፍነው የነበረውን ኃላፊነት ይረከባል። ጤነኛው ኀዘን ሁለቱንም እየተፈራረቀ ያስተናግዳል። እርስዎ ግን አባትዎ ታመው ሳለ አስታማሚ፣ ሲሞቱ ደግሞ አስተናጋጅ ሆኑ። እንጀራው ደረሰ ወይ፣ ስኳሩ አለቀ ወይ፣ የእድሩ ወንበር ተቆጠረ ወይ እያሉ ሲሯሯጡ በሁለተኛው ወገን ብቻ ቆዩ። ለረጅም ጊዜ ያስታመመ ሰው ሞቱ ሲመጣ ደርቆ መቅረቱም የተለመደ ነው፤ ድካሙ አለ፣ ሥቃዩ አበቃ የሚለው እፎይታ አለ፣ በእፎይታው የሚሰማው ጸጸትም አለ። ከዚያ በመስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ምንም ኃላፊነት የሌለብዎት ሞት መጣ። ድንኳን የማይጥሉለት፣ እንግዳ የማይቀበሉለት፣ ማልቀስ ብቻ የሚቻልበት ሞት ነበር። የሞተውም የአባትዎ ስልክ በጠራ ቁጥር ቤትዎ ውስጥ ይሰማ የነበረው ድምፅ ባለቤት ነው።

እዚህ ላይ ግን ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ የምለይበትን ልናገር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲቀርብላቸው «ያለቀስሽው ለአባትሽ ነው እንጂ ለዘፋኙ አይደለም» ብለው የሚደመድሙ አሉ። አነጋገሩ ብልህ ይመስላል፤ ኀዘኑን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ይነጥቅዎታል፤ የባለቤትዎን ነቀፋም በሌላ መንገድ ይደግመዋል። ማዲንጎን ይወዱት ነበር፤ ሞቱ አሳዘነዎት፤ ይህ በራሱ የቆመ ነገር ነው። በዚያው እንባ የአባትዎም ኀዘን ተከፈተ። ሁለቱን ለያይቶ ይህን ያህሉ የዚህ፣ ያን ያህሉ የዚያ ማለት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በማኅበራዊ ገጾች የሚዘዋወረውና ሰው ሁሉ በአምስት ደረጃ ያዝናል የሚለው ትምህርትም አያስጨንቅዎት። ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ በ1969 እ.ኤ.አ. የጻፉት በሞት አፋፍ ላይ ስለነበሩ ሕሙማን ነበር፤ ኀዘንተኛ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው መሰላል አድርጎ መውሰዱ በኋላ የመጣ ልማድ ነው።

«ስንት ሰው በሚሞትበት አገር» የሚለው ቃል ባለፉት ዓመታት በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ካየነው ሁሉ በኋላ ቀላል ቃል አይደለም። ባለቤትዎ ይህን ያሉት ምናልባት የእሳቸውም ልብ ስለተሞላ ይሆናል። ሆኖም ኀዘን ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚያንስ ነገር አይደለም። እንዲያውም መከራ በበዛበት ጊዜ ሰው ስለ ቅርብ ሙታኑ ለመናገር አቅም ሲያጣ፣ ሁሉም በሚያውቀው አንድ ሰው ሞት ዙሪያ ተሰብስቦ ሊያለቅስ ይችላል። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ በመስቀል አደባባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ፣ እዮብ መኮንን በነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ለሕክምና በሄደበት በናይሮቢ ሲያርፍ የወጣቱን ድንጋጤ ያስታውሱ። ያ ሁሉ ሰው ሙዚቀኞቹን በአካል አያውቃቸውም ነበር፤ አንዱ ሌላውን ግን «ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። እርስዎ ያጡት ይህንን ነው፤ በቤትዎ «ሰማሽ?» ያለዎት ሰው አልነበረም።

ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ላሉት፣ የነፍስን ጉዳይ ለንስሐ አባትዎ ቢያቀርቡ ይሻላል፤ እኔ የማውቀውን ብቻ ልናገር። ጥላሁን ገሠሠ ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ቤተ ክርስቲያን ተቀብላ ለቀበረችው ሰው ምእመን «ነፍስ ይማር» ብሎ ቢያለቅስ የሚያስነውረው ነገር አይታየኝም። ዘፈን መስማትና አለመስማት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ጋር ባይቀላቀል መልካም ነው።

አሁን ወደ በሽታ ጥያቄው እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ በአሥራ አንደኛው እትሙ የተራዘመ ኀዘንን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ለዚህ የሚያበቃው ቢያንስ 6 ወር ያለፈው፣ ከባህሉ ልማድ እጅግ ያለፈ፣ በናፍቆት ወይም ሟቹን ዘወትር በማሰብ የታጀበ፣ ሥራንና ኑሮን በግልጽ ያደናቀፈ ኀዘን ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ሰው 12 ወር ይጠብቃል። ሁለቱም የሚናገሩት የቅርብ ሰው ስለማጣት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በእርስዎ ዘንድ የሚነሣው ስለ ዘፋኙ ሳይሆን ስለ አባትዎ ነው። ሥራዎን እንደሚሠሩ፣ እንደሚበሉ፣ እንደሚተኙ ጽፈዋል፤ ይህ መልካም ምልክት ነው። በደብዳቤ ብቻ ምርመራ አይሰጥም እንጂ፣ ከጻፉት እንደማየው የእርስዎ ችግር ከሕመም ይልቅ ወደ ሽሽት ያደላል። ሽሽት ደግሞ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ከባጃጁ በወረዱ ቁጥር ልብዎ ወዲያው ያርፋል፤ ዕረፍቱም በሚቀጥለው ጊዜ እንዲወርዱ ያስተምርዎታል። ዘፈኑ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅዎትና ጭንቀቱ በስንት ደቂቃ እንደሚበርድ ግን ለማየት ዕድል አያገኙም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ከመብረዱ በፊት ይወርዳሉ።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በባጃጅና በሠርግ አይጀምሩ፤ እዚያ ድምፁ በድንገት ይመጣል፣ ሰውም ያይዎታል። በቤትዎ፣ በቀን ብርሃን፣ የሚያምኑት ሰው ባለበት ይጀምሩ። መጀመሪያ ቃል የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ዜማ ቢያገኙ ወይም ማሲንቆ ተጫዋች ዜማውን ብቻ ሲጫወት ቢሰሙ ይቀላል። ቀጥሎ ከአባትዎ ጋር ብዙም ያልተቆራኘ አንድ ዘፈን ይምረጡ፤ ያስጨንቀኛል ብለው የሚገምቱትን መጠን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ይክፈቱት። ማልቀስ ከመጣ ያልቅሱ፤ አያጥፉት። ዘፈኑ ሲያልቅ ቁጥሩን እንደገና ይጻፉ። በማግሥቱም ያንኑ ዘፈን ይድገሙት። ቁጥሩ ወደ 3 ወይም ወደ 2 ሲወርድ ወደሚከብደው ይሻገሩ። በስፌት መኪናው ላይ ሆነው፣ እጅዎ ሥራ ይዞ መስማት በኋላ የሚመጣ እርምጃ ይሁን፤ መጀመሪያ ላይ ሥራው ራሱ መሸሸጊያ ይሆናልና። ባጃጁ ውስጥ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ አንድ ሰፈር ያህል ታግሠው፣ በሚቀጥለው ጊዜ እስከሚወርዱበት ድረስ ይቀመጡ።

ስልኩን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ለብቻዎም አይክፈቱት። ወንድም ወይም እኅት ካለዎት ይጥሩ፤ ባለቤትዎ ቢገኙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ያን ቀን የተናገሩትን ለማስተካከል ለእሳቸውም ዕድል ይሆናቸዋል። ሦስት ዓመት ያልተነካ ስልክ ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል ቻርጅ ከማድረግዎ በፊት ለስልክ ጠጋኝ ያሳዩት። ሲምካርዱም አገልግሎቱ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ስልክ ደውለው ጥሪውን ለመስማት ሞክረው ዝም ቢል ልብዎ እንዳይሰበር አስቀድመው ይወቁት፤ የጥሪው ዘፈን ከስልኩ ውስጥ ካለው የዘፈን ማኅደር ይገኛል። ፎቶግራፎቹን፣ አባትዎ የቀዷቸውን ድምፆች ካሉ እነሱን፣ ጥሪውንም ጭምር ወደ ሌላ ስልክ ያስገልብጡ። ይህ ሲሆን ማልቀስዎ አይቀርም፤ በ2014 ዓ.ም. በድንኳኑ ሥር ጊዜ ያላገኙለት ለቅሶ ነው።

የመስከረምን እንቅልፍ ማጣት በተመለከተ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ የአባትዎ ሙት ዓመት ይመጣል፤ እሱ ሳይበርድ ደመራና መስቀል ይከተላል። የማዲንጎ ሞት የመስቀል ዕለት በመሆኑ ሰው ሁሉ አበባ ይዞ ሲደሰት እርስዎ የሁለት ሰው ኀዘን ይዘው ይቀመጣሉ። ተደራራቢ ቀኖችን ከጅምሩ መለየት ይጠቅማል። የአባትዎን ዝክር በነሐሴ፣ በዕለቱ፣ በቅጡ ያድርጉ፤ የማዲንጎን ደግሞ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ባለ አንድ ምሽት ልጆቹ ባሉበት ዘፈኑን ከፍተው፣ ነፍስ ይማር ብለው፣ ከአባትዎ ጋር የሰሙበትን ጊዜ ቢያወሩላቸው መስቀሉ ለመስቀል ይተርፋል።

ስለ ልጅዎ፣ መከልከልን አልመክርም። ከተከለከለች ለቅሶዋን ብቻዋን፣ በድብቅ ታደርገዋለች፤ ያም እርስዎን የጎዳዎት ነገር ነው። ነገር ግን ልጅዎ የምታየው ነገር ከእርስዎ የከፋበት አንድ ገጽታ አለ። ቲክቶክ ሰው የቆየበትን ዓይነት ቪዲዮ እየመረጠ ስለሚያመጣ፣ በአንድ የለቅሶ ቪዲዮ ላይ አምስት ደቂቃ የቆየች ልጅ ምሽቱን ሙሉ የለቅሶ ቪዲዮ ይደረደርላታል፤ ከመካከሉም የአስከሬን ምስል፣ ያልሞተን ሰው ሞተ የሚል ሐሰተኛ ወሬ፣ ለተመልካች ብዛት ሲባል የተቀናበረ ልቅሶ ይኖርበታል። ስለዚህ አብረዋት ይቀመጡና ማንን እንደምታለቅስ ይጠይቋት፤ «ምኑን ትወጂለት ነበር?» ይበሏት፤ አንድ ሥራውን አብረው ይስሙ ወይም ይመልከቱ፤ ከዚያ ስልኩ ከመኝታ በፊት ከክፍሏ ይውጣ። አባባ ሲሞቱ እሷ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያኔ ማን እንዳጽናናት ደብዳቤዎ አይናገርም። ይህንንም ይጠይቋት።

የሞቱ ምክንያት ራስን ማጥፋት ሲሆን ግን ጥንቃቄው ከፍ ይላል። ተዋናዩ ሮቢን ዊልያምስ በነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ ከሞተ በኋላ በነበሩት ወራት በአሜሪካ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከሚጠበቀው በ10 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ልዕልት ዳያና በ1997 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ በሞተች ጊዜም በእንግሊዝና በዌልስ ከቀብሯ በኋላ በነበረው አንድ ወር ቁጥሩ በ17 በመቶ ጨምሮ ነበር። ይህ ማለት የታዋቂ ሰው ሞት ጤነኛውን ሰው ይገድለዋል ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ የተጎዳውን፣ ብቸኛውን፣ ተስፋ የቆረጠውን ሊነካ ይችላል ማለት ነው። ልጅዎ ከእንግዲህ መኖር ምን ይጠቅማል የሚል ቃል ካመጣች፣ ከጓደኞቿ ከራቀች፣ ዕቃዋን ማደል ከጀመረች አይቆጧት፤ ብቻዋንም አይተዉአት፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

እርስዎም የነገርኩዎትን ሞክረው እስከ ኅዳር ድረስ ሽሽቱ ካልቀነሰ፣ ወይም ስልኩን ከከፈቱ በኋላ የአባትዎ ናፍቆት ከዕለት ወደ ዕለት እየከበደ ሥራ የሚያስፈታ፣ እንቅልፍና ምግብ የሚነሣ ከሆነ፣ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይምጡ። ሲመጡ የአባትዎ ሕመም መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፍ ያጡባቸውን ሳምንታትና ከ0 እስከ 10 የጻፉባቸውን ወረቀቶች ይዘው ቢመጡ የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ ሥራ ይሠራል። ባለቤትዎም አብረው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የምጠይቃቸው ነገር አለኝ።